ካርዱን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ገጽ አስነብቧቸው፦ ለወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የልጆቻችሁን ካርድ ልትቀበሉ ለተዘጋጃችሁ ወላጆች በሙሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ እንደ እናንተው ወላጅ ነኝ። ሁለተኛ ክፍል ያለች ሴት ልጅና ዘንድሮ ሚኒስትሪ የሚፈተን ወንድ ልጅ አለኝ። ካርድ የሚሞላውም እኔ ነኝ፣ ካርድ ተቀብሎ የሚፈርመውም እኔ ነኝ። እንግዲህ የምላችሁን ከሁለቱም ወገን ሆኜ ነው የምለው።

ሰኔ 30 ደረሰ። ልጆቹ ከአሁኑ "ሰኔ 30 እንገናኝ!" እየተባባሉ መዛዛት ጀምረዋል። (የዓመቱ ቂም የሚወጣው በዚያ ቀን መሆኑን እናንተም ታስታውሳላችሁ፤ ያልተፈነከተ ማን አለ?) እናንተም ትመጣላችሁ፣ ካርዱን ትገልጣላችሁ፣ ዓይናችሁ ሌላውን ሁሉ ዘሎ ከታች ወዳለችው ጠባብ ሣጥን ይሄዳል። ደረጃ። "ስንተኛ ወጣ?" አምስተኛ ከሆነ ደስ ይላችኋል። ሃያኛ ከሆነ ፊታችሁ ይጠቁራል፣ የጎረቤት ልጅ ስም ይነሣል። ከዚያ ትፈርማላችሁ።

እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ልጃችሁን አንድ ገጽ አስነብቡት። ድምፁን አውጥቶ፣ እናንተ ፊት። ሌላ ጥያቄ የለኝም። የቀረው ደብዳቤ ለምንና እንዴት የሚለውን ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ ማርኩ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ከመቶ ነው የሚሞላው፣ ግን ሁሉም ፈተና አይደለም። የክፍል ሥራ አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ ደብተር አያያዝ አለ፣ የቡድን ሥራ አለ፣ ተሳትፎ አለ፣ አጫጭር ፈተና አለ፣ ማጠቃለያው መጨረሻ ይመጣል። ተከታታይ ምዘና ይባላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ልጅ በአንድ ቀን ፈተና አይለካም ማለት ነው። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሌላ መልክ ይይዛል። የቡድን ሥራውን አንዷ ጎበዝ ትሠራዋለች፣ ስድስት ስም ይሰፍርበታል። የቤት ሥራውን ታላቅ እህት ትሠራዋለች፣ ወይም አንዷ እናት ሠርታ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን ትለጥፈዋለች። "ፕሮጀክት" የሚባለውን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ በቀለም አትሞ፣ ጠርዞ ያስረክባችኋል። አንድ ተማሪ ያመጣልኝ ወረቀት ላይ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ስም ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር። አሁንማ ቻትጂፒቲ አለ፣ እሱ ስም አይጽፍም።

ደብተር አያያዝስ? ከሰሌዳ መገልበጥ ማንበብ አይጠይቅም። ፊደሉን እንደ ሥዕል እያዩ መሳል ይበቃል። ክፍሌ ውስጥ እጅ ጽሑፉ ከእኔ የሚያምር ልጅ አለ፤ መስመሩ አይዛባ፣ ርዕሱ በቀይ ተሰምሮበታል። ራሱ የጻፈውን አንብብልኝ ስለው ደብተሩን ያየዋል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል። ዝም። ለደብተሩ ግን ሙሉ ማርክ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ደብተሩ ንጹሕ ነው።

ይህን ሁሉ ደምሩት። የምርጫ ጥያቄ ላይ በግምት የሚገኘውን ጨምሩ፣ ጎኑ የተቀመጠውን ጓደኛ ጨምሩ። 60 ምናምን ይመጣል። አለፈ። ካርዱ ላይ የተሞላው እያንዳንዱ ቁጥር መዝገብ ላይ አለ፣ የተፈጠረ ነገር የለም። ልጁ ማንበብ ይችል እንደሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ማንም አልጠየቀውም።

"ታዲያ መምህሩ ለምን አይጥለውም?" ትሉ ይሆናል። ዓመቱ ሲጀመር ዕቅድ ይፈረማል። መጠነ መድገም ከዚህ እንዳይበልጥ፣ መጠነ ማቋረጥ ከዚህ እንዳይበልጥ። የክፍሉን ግማሽ የጣለ መምህር ሰኔ ላይ "ልጆቹ ምን ሆነው ነው?" አይባልም፣ "አንተ ምን ስትሠራ ከርመህ ነው?" ነው የሚባለው። ይሁን፣ መጠየቁስ ተገቢ ነው። ነገር ግን አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ከሰማይ አልወረደም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነፃ ዝውውር መጣ፤ ልጅ በጠዋቱ ወደቅህ ተብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ታስቦ። እሱም ክፉ ሐሳብ አይደለም። አብሮት ሊሄድ የሚገባው ለደካሞቹ የሚሰጠው ድጋፍ ግን በብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ቀረ። ልጁ ተዘዋወረ፣ ፊደሉ ግን አንደኛ ክፍል እንደቀረ ነው።

የግል ትምህርት ቤት የምትከፍሉም ብትሆኑ ዘና አትበሉ። እዚያ ወላጅ ደንበኛ ነው። ማርክ ከቀነሰ ዳይሬክተሯ ቢሮ ይገባል፣ ከባሰበት ልጁን ያስወጣል። ስለዚህ 90 ለሁሉም ይዳረሳል። የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ "አንደኛ የወጣችሁ ወደ መድረክ" ሲባል መድረኩ ጠበበ። እኔም ከሁሉም ጋር አጨበጨብኩ፤ ምን ይደረግ፣ ልጄ እዚያው ነበረች።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ማለትም መኮራረጁና የሾለከው መልስ እንደ ልብ አልገኝ ሲል፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015ቱ ደግሞ 3.2። በ2016ቱ 5.4። በ2017ቱ 8.4 ደረሰ፣ ተመስገን ነው። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ የሆኑበት ዓመት ነበር። ሀገር ጉድ አለ። ትውልዱ ሰነፈ ተባለ፣ ቲክቶክ አጠፋው ተባለ፣ ፈተናው ሆን ተብሎ ከበደ ተባለ። እኔ ግን የማስበው ስለ ካርዶቹ ነው። እነዚያ ልጆች ሁሉ በየዓመቱ "ተዛውሯል" የሚል ካርድ ይዘው ቤት ይገቡ ነበር። ወላጅ የፈረመበት።

አስደንጋጩ ነገር ደግሞ ቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። በ2002 በተለያዩ ክልሎች በየልጆቹ ቋንቋ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ሁለተኛ ክፍል ካሉት ከሦስቱ አንዱ ያህል አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። አንድም! የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱት ልጆች ከእነዚህ በሁለት ዓመት ገደማ የሚያንሱ ናቸው። የዓለም ባንክም ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ የአሥር ዓመት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። የአሥር ዓመት ልጅ ማለት የእኔ ክፍል ልጅ ማለት ነው።

አሁን "የእኔ ልጅ ግን ያነባል፣ ሰምቼዋለሁ" የምትሉ አላችሁ። ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ግን ማንበብ የሚመስል ነገር አለ፣ እሱን ላሳያችሁ።

አንድ ልጅ አስነሣለሁ። ጣቱን ሲያንቋቋ የነበረው እሱ ነው፤ "እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!" መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ያነበንበዋል፣ አይደናቀፍ። ክፍሉ ያጨበጭባል። ጠጋ እልና ከአንቀጹ መሀል አንድ ቃል ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ። "ይቺ ምንድን ናት?" ልጁ ቃሏን አያያትም። ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይመለስና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በቃሉ ይወርደዋል፣ እኔ ጣት ጋ ሲደርስ ቃሏን ይጠራታል። በቃሉ ነው የያዘው። ጓደኞቹ ሲያነቡ ሰምቶ፣ ሥዕሉን አይቶ ይዞታል። ፊደልም እንደዚያው ነው፤ "ቡ"ን ለብቻዋ ጽፌ ሳሳየው "በ፣ ቡ..." ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። 33ቱን ፊደል ከነ እርባታቸው፣ 231ዱንም፣ በዜማ ይወጣዋል። ከተራው ያስወጣኸው እንደሆነ ይጠፋዋል። ጎበዝ ልጅ ነው እኮ! ያንን ሁሉ በቃል መያዝ ቀላል መስሏችኋል? ጭንቅላቱ የሚሠራ መሆኑ ነው የሸፈነለት።

የኔታ ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁን በዜማ ሸምድዶ እንደሚያታልላቸው ስለሚያውቁ ቀጥለው አቡጊዳን ያመጡበታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራው ተበጠሰ፣ ዜማው አያድነውም፣ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ማወቅ ግድ ነው። በስንደዶ እየጠቆመ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ፊደል ቆጠራ፣ ከዚያ ንባቡ፣ ከዚያ ዳዊት። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ሰምተው ነው የሚያሳልፉት፤ ያልሆነለት እዚያው ይቆያል። (ዱላቸውን አላነሣሁም። ዱላው ይቅርብን።)

እኔስ ለምን አንድ በአንድ አልሰማም? ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ በላይ ናቸው። መለኪያው 50 ይላል፣ እሱንስ ማን አግኝቶ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። 60 ልጅ ላስነብብ ብል ለአንዱ 40 ሴኮንድ ይደርሰዋል፣ ያውም ስም ሳልጠራ፣ ሰሌዳ ሳላጠፋ፣ "ቲቸር፣ እስክርቢቶዬን ወሰደብኝ" የሚል ሳይመጣ። ያም ሆኖ በየተራ አስነብባለሁ፣ ተራው ግን ቶሎ አይመለስም። እናንተ ቤት ያለው አንድ ነው። ቢበዛ ሦስት ነው።

አደራረጉን ልንገራችሁ። የመማሪያ መጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች አትምረጡ፣ እነሱን በቃሉ ያውቃቸዋል። ያላየውን ስጡት። ገና ያልደረሱበት ምዕራፍ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለ ጽሑፍ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። ሥዕል ካለው በእጃችሁ ሸፍኑት። ያንብብ። ቢዘገይ አትቸኩሉ፣ ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፣ ሲደናቀፍ ራሱ እስኪያርም ጠብቁት። ከዚያ ከመሀል ሁለት ሦስት ቃል ጠቁሙና ጠይቁ። መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ከድናችሁ "እና ምን አለ?" በሉት። ብዙው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። በተለይ "ልጄ እንግሊዝኛ ያንበለብለዋል" የምትሉ፣ እንግሊዝኛውንም አስነብቡትና ይህንኑ ጠይቁት። አይቻለሁ፤ አንብቦ ይጨርስና ምን አለ ሲሉት ግድግዳ ያያል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚሆነው።

ልኩ ምን ያህል ነው ለምትሉ፣ እኔ በክፍል ውስጥ የምጠብቀው ይህን ነው። አንደኛን የጨረሰ ፊደልን ከተራ ውጭ ይለይ፣ አጫጭር ቃል ያንብብ። ሁለተኛን የጨረሰ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ ይበል። ሦስተኛን የጨረሰ አንድ አንቀጽ አንብቦ ምን እንዳለ በራሱ አባባል ይንገራችሁ። ከአራተኛ በኋላ ያለው ልጅ እንግዲህ ንባብ አይደለም የሚማረው፣ አንብቦ ነው ሌላውን የሚማረው። አካባቢ ሳይንሱም፣ የሒሳቡ የቃላት ጥያቄም ንባብ ነው። ሒሳብ አይገባውም የምትሉት ልጅ አንዳንዴ ሒሳቡ ገብቶታል፣ ጥያቄውን ነው ያላነበበው።

"እኛ አልተማርንም፣ በምን እናውቃለን?" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። እነሱን ይህን እላቸዋለሁ፦ ገጹ ላይ ሁለት ቦታ የተጻፈ አንድ ዓይነት ቃል ፈልጉ፣ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ። መጀመሪያ አንዱን ጠይቁት፣ ቆይታችሁ ሌላውን። የተለያየ ነገር ካላችሁ እየገመተ ነው። አንዲት ጉሊት የምትሸጥ እናት ሽንኩርት የምትጠቀልልበትን ጋዜጣ እያስነበበች ይህንኑ ስታደርግ ከርማ አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጣች። ስንተኛ ነው አላለችኝም። ጋዜጣውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አውጥታ፣ "ቲቸር፣ ይቺንና ይቺን አንድ ናቸው እላለሁ፤ እሱ አንዴ 'መንገድ' አንዴ 'መንግሥት' ይለኛል፣ እኔ ነኝ እሱ የተሳሳተው?" አለችኝ። እሷ ልክ ነበረች። ፊደል ሳትቆጥር የልጇን ችግር ከብዙ ዲግሪ ካላቸው ወላጆች ቀድማ አገኘችው።

ካላነበበ ምን ይደረግ? መጀመሪያ፣ አትምቱት። "ቲቸር፣ ግረፉልኝ፣ ፈቅጃለሁ" የሚለኝ ወላጅ በየዓመቱ አይጠፋም። በትምህርት ቤት ልጅን በአካል መቅጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የተከለከለ ነው፣ የእናንተ ፈቃድ አያነሣውም። ሕጉን እንኳ ብንተወው ጥቅም የለውም። የተመታ ልጅ ማንበብ አይማርም፣ መደበቅ ይማራል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማጉረምረም፣ ጎበዝ ልጅ አጠገብ መቀመጥ፣ ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት መሄድ። ይህን የሚያደርጉትን በዓይኔ አውቃቸዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ክረምቱን አታቃጥሉት። የክረምት ትምህርት የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚቀጥለውን ክፍል ቀድሞ ማስጀመር ነው፤ ወላጅም "ልጄ አምስተኛን ጀመረ" ብሎ ይደሰታል። ሁለተኛ ክፍልን ላላነበበ ልጅ አምስተኛን ማስጀመር ምን ይሉታል? ወደ ኋላ መልሱት። የፊደል ገበታ ርካሽ ነው። ፊደሎቹን በካርቶን ቁረጡና በትኑለት፣ ቃል ይሥራባቸው። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ይበቃል፣ ግን የየቀን ይሁን። ቅዳሜን ጠብቆ ሁለት ሰዓት ማስጨነቅ አይሠራም።

እዚህ ላይ እንደ አባት አንድ ነገር ልጨምር። መምህር መሆኔ ቤት ውስጥ ብዙም አልጠቀመኝም። ትልቁ ልጄ "አባዬ፣ እባክህ ቤት ውስጥ ቲቸር አትሁንብኝ" ብሎኛል፣ እውነቱን ነው። ልጅ ማታ የሚፈልገው የሚያርመውን ሰው አይደለም፣ የሚሰማውን ነው። አሁን እኔ እራት ስበላ ስለ አርሰናል የተጻፈውን ከቴሌግራም ያነብልኛል፤ ብዙውን እሱ ራሱ ይተቸዋል፣ አንዳንዱን ቃል ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቀኛል። አላርመውም፣ ካልጠየቀኝ። ትንሿ ደግሞ በበዓል ቀን ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር "ስንተኛ ወጣሽ?" እየተባለች ስትጠየቅ ትኖር ነበር፤ አጎቷ ለአንደኛ መቶ ብር ይሰጣት ነበር። ዘንድሮ ስምምነቱ ተቀይሯል። መቶ ብሩ የሚገኘው አጎት የመረጠውን ነገር በማንበብ ነው፣ አጎት ደግሞ ተንኮለኛ ስለሆነ የመድኃኒት ወረቀት ነው የሚያመጣው። ለፋሲካ ከነ "ፓራሲታሞል" አነበበችለትና ከፈለ።

ለርዕሳነ መምህራንና ከበላይ ላላችሁ ኃላፊዎችም ትንሽ ቃል አለኝ፣ አላረዝመውም። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ካለው ካርድ ላይ የደረጃዋን ሣጥን አንሡልን። በምትኩ አንድ መስመር ስጡን፣ "ያላየውን ጽሑፍ ያነባል / በመደናቀፍ ያነባል / ገና ነው" የሚል። "ገና ነው" ብሎ የጻፈውን መምህር ደግሞ በሥራ አፈጻጸም አታስቀጡት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም "ያነባል" ይሆናል፤ እናንተም ይህን አታጡትም። የካርድ ቀን ጠዋትም ንግግሩን አሳጥራችሁ ለንባብ ስጡን።

ወላጆች፣ ብዙዎቻችሁ ካርድ የምትቀበሉት ከሥራ ተጣድፋችሁ ነው፣ ልጁም ግቢ ውስጥ ሲራገጥ ነው የሚውለው። ዘንድሮ ይዛችሁት ኑ። ክፍሌ በር ላይ ሁለት ወንበር አወጣለሁ፣ ልጆቹ አይተዋቸው የማያውቁ ጽሑፎችም ይኖሩኛል። የእኔ ክፍል ተማሪ ባይሆንም ግድ የለም፣ ተራ ይዛችሁ ጠብቁ። እስክርቢቶ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ ትፈርማላችሁ።

አንድ የአራተኛ ክፍል አማርኛ መምህርና የሁለት ልጆች አባት